ባዶው ወንበር የማን ነው?

ነገርን እንደ ነገርነቱ የማየት ጸጋ የሚባል አለ። ለአማርኛ መምህር አልተሰጠም። ጎረቤቴ "ላሜ ጠፋችብኝ" ቢለኝ አብሬው ላም ከመፈለግ ይልቅ "ላሟ የማን ምሳሌ ትሆን?" ብዬ የማሰላስል ሰው ነበርኩ። አሰበ ተፈሪ ላይ ለተማሪ ሰምና ወርቅ ሳስፈታ ኖሬ ኖሬ፣ ሰም የሚባል ነገር መኖሩን ራሱ ረስቼው ነበር። ወርቅ የሚቆፍር ሰው ደግሞ አንድ ቀን ጉድጓድ መግባቱ አይቀርም። ብቻዬን ገብቼ ቢሆን ኖሮ ግድ አልነበረኝም፤ አንድ ምስኪን ሰዓሊ አስከትዬ ልገባ ነበር እንጂ።

ሰዓሊው ጌታሁን ይባላል። የሥዕል መምህር ነው፤ በግቢያችን ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች አንዷን ተከራይቶ ይኖራል። ዝምተኛ ነው። ሲናገርም ቃሉን ከአፉ ሳይሆን ከኪሱ ፈላልጎ የሚያወጣው ነው የሚመስለው። በከተማው የሚታወቀው በአብዮት በዓል በበዓሉ የሦስቱን ጺማም ሰዎች ምስል በአቡጀዲ ላይ በመሳል ነው። ከልምዱ ብዛት ጺማቸውን ዓይኑን ጨፍኖ ያበጥረዋል እየተባለ ይቀለድ ነበር፣ ግራና ቀኝ ታይቶ፣ ቀስ ተብሎ።

አንድ ዓመት ለበዓሉ ቀበሌያችን አዳራሹን ቀለም አስቀባ። ሊቀመንበሩ ጓድ ቶሎሳ ጌታሁንን ጠራና "ለግድግዳው አንድ ትልቅ ሥዕል ሥራ። ጺም በቃን፣ አሁን ሴት ትግባበት" አለው። ጌታሁን ይህን እንደ ነፃነት አዋጅ ነው የሰማው። ወር ያህል ጠፍቶ ከረመና ሥዕሉን ተሸክሞ መጣ።

ሥዕሉ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ከመስኮት ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ወርዷል። እጆቿ አይታዩም። ከጎኗ ባዶ ወንበር አለ፣ ትራስ የተነጠፈበት። በመስኮቱ ማዶ ተራራ ይታያል፤ በተራራው አናት ላይ ቀይ ቀለም ፈሷል። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ሁሉ ነገር ከልኩ ትንሽ ወጣ ያለ ነው። የሴትየዋ ጀርባ ከሰው ጀርባ ይረዝማል፣ ወንበሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ግድግዳው ያልበሰለ ሙዝ ይመስላል። ጌታሁን "ዘመናዊ አሳሳል ነው" አለ። ጓድ ቶሎሳ ወንበሩን ትኩር ብሎ አየና "አናጢው ማነው?" ሲል ጠየቀ።

ስለ ጓድ ቶሎሳ አንድ ነገር ልበል። ክፉ ሰው አልነበረም። አለቃ የሚፈራ ሰው ነበር፤ ይኼ ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ይብሳል፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ሲደክመው ይተኛል። ለበዓሉ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ፤ መጥተውም "መልእክቱ ምንድን ነው?" ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ መልእክት የሌለው ነገር አልነበረም። ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት እንኳ ከኋላዋ ግድግዳ ላይ መፈክር ነበራት። ጓድ ቶሎሳ መልሱን ስላላወቀው በከተማችን አስቸጋሪ ጥያቄ ሁሉ ወደሚወሰድበት ቦታ ይዞት መጣ፤ ወደ ሐጂ ሲራጅ በርጫ።

ሐጂ ሲራጅ ዋናው መንገድ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ወላጆቻቸው ከስልጤ አገር የመጡ ነጋዴ ናቸው። ከምሳ በኋላ ሱቁን ለወንድማቸው ትተው ቤታቸው ፍራሽ ያስነጥፋሉ፤ እኔም የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ከቀሩት ጋር እዚያ እገኛለሁ። የሂርና ጫት ይቀርባል። መጀመሪያ ሁሉም ይንጫጫል፤ ቀጥሎ ሁሉም ዐዋቂ ይሆናል፤ በመጨረሻ ሁሉም ዝም ይላል። አንድ ጥያቄ በመካከለኛው ሰዓት ላይ ከገባ አለቀለት፣ መልስ ሳያገኝ አይወጣም። አገሩ ግን ብልህ ነውና ለዚህም ሕግ አለው። በምርቃና የተነገረ ነገር እዚያው ከገራባው፣ ከጫቱ ትራፊ ጋር ይጠረጋል። "ትናንት እንዲህ ብለህ ነበር" ብሎ በማግስቱ ሰውን መያዝ ነውር ነው። ነውር ባይሆን ኖሮ እኔ እዚያ ፍራሽ ላይ ለሠራኋቸው ፎቆች ብቻ የከተማው ቦታ አይበቃም ነበር።

ጓድ ቶሎሳ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ "ጓድ መምህር፣ ማሎ፣ ይኼ ምን ይላል?" አለኝ።

ዐዋቂ የምሆንበት ሰዓት ነበር። ቀና አልኩ። ሴትየዋ እናት አገር ናት አልኩ። ጀርባዋን የሰጠችው ላለፈው ሥርዓት ነው። መስኮቱ ተስፋ ነው። ቀዩ ብርሃን፣ መቼም ቀይ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። እጆቿ ያልታዩት ገና ከሰንሰለት እየተፈቱ ስለሆነ ነው። ባዶው ወንበር ደግሞ የተባረረው የበዝባዦች መቀመጫ ነው፤ ዳግመኛ የሚቀመጥበት የለም።

"ሱብሐን አላህ" አሉ ሐጂ ሲራጅ። "እኔ ሴትየዋ የጫት መኪና የምትጠብቅ መስሎኝ ነበር።"

ሁላችንም ረካን። እንደ ደንቡ ነገሩ እዚያው ሊጠረግ ይገባው ነበር። ነገር ግን ጓድ ቶሎሳ በዚያ ቀን ስብሰባ ስለነበረበት አንድ ቅጠል አልቀመሰም። ከመካከላችን በማግስቱ ሁሉንም የሚያስታውስ ሰው እሱ ብቻ ነበር። "አቦ፣ በቃ፣ ይኼንኑ እሁድ ጠዋት በቀበሌው ውይይት ላይ ለሕዝቡ ታስረዳለህ" አለኝ።

እሁድ ጠዋት። አንባቢ ሆይ፣ ከሰዓት በኋላ ያለሁትን ሰው እንጂ የጠዋቱን እኔን አታውቀውም። ጠዋት የጫት ሐራራው ሲይዘኝ እርግጠኛ የምሆንበት ነገር ስሜ ብቻ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሥዕሉ ከፊት ተደግፏል፣ ጌታሁን በጥጉ እጁን አጣምሮ ቆሟል። እኔ ተነስቼ እናት አገርን፣ ተስፋንና ሰንሰለትን እየተንተባተብኩ ዘረገፍኩ። በርጫ ላይ እንደ ወንዝ የፈሰሰው ቃል እዚህ ከአፌ እየተነቀለ ነበር የሚወጣው።

ጥያቄ ተጀመረ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። "በኛ አገር ሴት ጀርባ ከሰጠች ተቀይማለች ነው። ይቺ አገር ከሆነች ማንን ነው የተቀየመችው? ከጀርባዋ ያለነው እኛ ነን።"

ሳቅ ሊሆን ያለ ድምፅ ተሰማና መልሶ ተዋጠ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሌላ ጎልማሳ ከኋላ ቀጠለ። "ወንበሩ የተባረረው ሰው ነው ብለዋል። ለተባረረ ሰው ትራስ ማን ያነጥፋል? ይመጣል ብላ እየጠበቀችው ነው እኮ።"

የተባረረ፣ ወንበር ያለው፣ ተመልሶ የሚጠበቅ ሰው ማን እንደሆነ ለመገመት ዕውቀት አያስፈልግም። ጎልማሳው ራሱ የተናገረው ነገር ከራሱ ጆሮ ሲደርስ ደነገጠና ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው አንዱ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ "ደግሞ ፀሐይዋ እየጠለቀች አይደለም እንዴ?" ያለው።

የቀይዋን ፀሐይ መጥለቅ በሥዕል ማሳየት ያን ጊዜ ቀልድ አልነበረም። ጓድ ቶሎሳ ላብ አጠመቀው። ወደ ጌታሁን ዞሮ "ንገረን እስቲ፣ ትወጣለች ወይስ ትጠልቃለች?" አለ። ጌታሁን ኪሱን ፈተሸ፣ ቃል ፈለገ። "እኔ ያየሁትን ነው የሳልኩት" አለ። እውነት ነበር፤ ግን ማንንም የሚያድን እውነት አልነበረም።

ጓድ ቶሎሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፍርዱን ተናገረ። ፀሐይዋ የምትወጣ ከሆነች ሥዕሉ ይሰቀላል። የምትጠልቅ ከሆነች ጉዳዩ ከነሰዓሊው ወደ ላይ ይተላለፋል። "ላይ" የት እንደሆነ አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀም። ወደ ላይ የሄደ ሰው በቀላሉ እንደማይወርድ ሁላችንም እናውቃለን።

ያን ልጅ እዚያ ጥግ ላይ አየሁት። የኔ ወርቅ ቁፈራ ነው እዚህ ያደረሰው። ዝም ብዬ "ቆንጆ ሥዕል ነው፣ ሴትየዋ ተቀምጣለች" ብል ምን ነበረበት? ላድነው ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። "ጓዶች፣ ይህ የምናብ ነገር አይደለም። ጓድ ጌታሁን ከእውነታ ነው የሚስለው። መስኮቱም ተራራውም እዚሁ ከተማችን ያሉ ናቸው፤ ምሳሌ ምናምን አትፈልጉበት" አልኩ። ይህን ያልኩት ምሳሌ ስፈልግ የሰነበትኩት እኔው ነኝ።

ጓድ ቶሎሳ ፊቱ በራ። "እንግዲያው ቀላል ነው። ቦታው ካለ ሄደን እናያለን። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ትወጣለች፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ትጠልቃለች።" ወዲያውም አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጓድ ቶሎሳ ሰብሳቢ፣ ሐጂ ሲራጅ ሽማግሌ፣ እኔ አስረጂ። ጌታሁን መንገድ መሪ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ጌታሁን እጅጌዬን ጎተተኝ። "ጋሼ፣ የእርስዎ ቤት ነው" አለኝ።

"ምኑ?"

"መስኮቱ። ሴትየዋም እትዬ ሙሉ ናቸው።"

ሙሉ ባለቤቴ ናት። ሰው የሚስቱን ጀርባ እንዴት አያውቅም ትሉኝ ይሆናል። በብዙ ቤት ጀርባውን አሳይቶ የሚወጣው ባል ነው፤ የሚስቱን ጀርባ በምን ዕድሉ ያያል? አሁን ትዝ ሲለኝ ነግራኝም ነበር። አንድ ምሽት ከበርጫ ገብቼ በዝምታው ሰዓቴ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ "ጌታሁን እየሳለኝ ነው" ብላኛለች። እኔም ራሴን በታላቅ ጥበብ ነቅንቄያለሁ። በዚያ ሰዓት ቤቱ እየተቃጠለ ነው ብትለኝም የምነቀንቀው እንደዚያው ነበር።

መንገድ ለመንገድ ቤቴን በሐሳቤ አዞርኩት። መስኮታችን ወዴት ነው የሚያየው? ከተጋባን ጀምሮ የኖርንበት ቤት ነው፤ አላውቅም። ወደ ምሥራቅ ይሁን እያልኩ ጸለይኩ። ሰማዩን ብናይ ይለይለት ይሆን ብዬ ቀና ስል ደግሞ እኩለ ቀን ሆኗል፣ ፀሐይዋ ልክ አናታችን ላይ ቆማ እሷም የውይይቱን ውጤት የምትጠብቅ ትመስላለች።

በሩ ገርበብ ብሏል። ጓድ ቶሎሳ ገፋ አደረገውና ባለበት ደረቀ። ሙሉ መስኮቱ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ ጀርባዋን ለኛ ሰጥታ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል። ከጎኗ ባዶው ወንበር። "ሥዕሉ" ብሎ አንሾካሾከ ጓድ ቶሎሳ፤ ኮፍያውንም አወለቀ። ለአዳራሹ ሥዕል ያላወለቀውን ማለቴ ነው።

ሙሉ ዞር አለች። እጇ ላይ ሹራብና መርፌዎቹ ነበሩ፤ ለሰው እየሠራች የምትሸጠው ሹራብ ነው። "ግቡ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ?" አለች። ሐጂ ሲራጅን አይታ ተነሳች። "ሐጂ፣ እርስዎንም ይዘውዎት መጡ?"

ጓድ ቶሎሳ ጊዜ አላጠፋም። አቅጣጫ ይለይ አለ። ኮምፓስ የሚባል የለም። ሐጂ ሲራጅ ግን ኮምፓስ አያስፈልጋቸውም፤ የትም ይግቡ የትም ቂብላው ወዴት እንደሆነ ያውቃሉ። መሐል ቤት ቆሙና ለሶላት እንደሚቆሙት ፊታቸውን ወደ ቂብላ አደረጉ። "በኛ አገር ቂብላ ሰሜን ነው" አሉ። "ቀኝ እጄ ምሥራቅ ነው። ግራ እጄ ምዕራብ ነው።" መስኮቱ በግራ በኩል ነበር። እኔ በዓይኔ ለመንኳቸው፤ ትንሽ ዞር ቢሉ ምን አለበት? ገባቸውና አንገታቸውን ነቀነቁ። "መምህር፣ በሱቅ ነገር ትንሽ ብዋሽ አላህ ይምረኛል። በቂብላ አልዋሽም።"

ምዕራብ። ጌታሁን በሩ ላይ ቆሞ ፊቱ የራሱን ግድግዳ ቀለም መሰለ፣ ያን ያልበሰለውን ሙዝ።

"ምን ሆናችሁ ነው?" አለች ሙሉ። ጓድ ቶሎሳ አስረዳት። ፀሐይዋ የምትጠልቅ ከሆነች ልጁ ወደ ላይ እንደሚሄድ፣ ወንበሩም የማን እንደሆነ እንደሚጠየቅ፣ እጆቿም ለምን እንደተደበቁ ነገራት። ሙሉ ጌታሁንን አየችው፣ ከዚያ መስኮቱን አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየችኝ። የመጨረሻው ትንሽ ረዘም ያለ ነበር።

"ጠዋት ነው" አለች።

"እንዴት እህቴ? መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው።"

"መስኮቱ ምዕራብ ነው፣ ፀሐይዋ ግን ከቤቱ ጀርባ ነው የምትወጣው። ስትወጣ መጀመሪያ የሚቀላው ፊት ለፊት ያለው ተራራ አናት ነው። በጠዋት ተራራ አይታችሁ አታውቁም?"

ጓድ ቶሎሳና እኔ ተያየን። በጠዋት ተራራ የምናይ ሰዎች አልነበርንም። ሐጂ ሲራጅ ግን "ወላሂ እውነቷን ነው" አሉ። "ከሱብሒ ሶላት ስመለስ አየዋለሁ። ይቀላል።"

"እጆቼ ሹራብ እየሠሩ ናቸው" አለች ሙሉ። "ከጀርባ ለሚያይ አይታይም።"

"ወንበሩስ የማን ነው?"

"የባሌ ነው። ለሥራ ወጥቷል።"

ጓድ ቶሎሳ ዓይኑ እንባ አቀረረ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ንጋት አለ፣ አምራች ሴት አለች፣ በማለዳ ለሥራ የወጣ የላብ አደር ወንበር አለ። ከዚህ የበለጠ መልእክት ከየት ይመጣል? የጌታሁንን እጅ እየደጋገመ ጨበጠ። ሥዕሉም ተሰቀለ። በበዓሉ ቀን ለአውራጃ እንግዶች የሙሉን ቃል አንድም ሳያጎድል ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ፤ ከኔ ትርጉም አንዲት ቃል አልተረፈችም። ጌታሁን እስኪዛወር ድረስ ጺምም ሴትም በሰላም ሲስል ኖረ።

ይህ ግን በኋላ የሆነ ነው። በዚያ እሁድ ኮሚቴው ደስ ብሎት ተበተነ፤ ሐጂ ሲራጅ የዛሬው በርጫ ለጌታሁን ክብር ነው፣ ቶሎ ና ብለውኝ ወጡ። እኔ ሚስቴን ሳላመሰግን መሄድ ከበደኝ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼባት ነበር።

"ጠዋት ጠዋት እዚህ እንደምትቀመጪ አላውቅም ነበር" አልኳት።

ተመልሳ ተቀምጣ መርፌዎቿን አንስታለች። "ጠዋት አልቀመጥም" አለች። "ጠዋት አንተን ቀስቅሼ፣ ቁርስ አብልቼ፣ ገበያ ወጥቼ፣ የቱን ጊዜ እቀመጣለሁ?"

"ታዲያ ተራራው?"

"ተራራው በጠዋትም ይቀላል፣ አልዋሸሁም። ጌታሁን የሳለው ግን የማታውን ነው።"

ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበር ማለት ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ትክክል ነበር፣ ሽማግሌውም፣ ስለ ትራሱ የጠየቀው ጎልማሳም። "ማታ ማታ ምን ታያለሽ?" አልኳት። ይህን ጥያቄ ለሥዕል ስጠይቅ ሰንብቼ ለሴትየዋ ያቀረብኩት ያን ጊዜ ነው።

በመርፌዋ ወደ ማዶ አመለከተችኝ፣ ከገደሉ ባሻገር ወዳለው ቆርቆሮ። "ሐጂ ሲራጅ ቤት መብራት ሲበራ አያለሁ። መብራት ሲበራ ትነሳላችሁ። ያን ጊዜ ራቱን እጥዳለሁ፤ ቀድሜ ከጣድኩት ይበርድብሃል።"

በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሐጂ ሲራጅ ቤት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ፍራሻችን ያለበት ክፍል መስኮት ሳይቀር። እዚያ ተጋድመን ይቺ ሴት ምን እያየች ይሆን እያልን የተከራከርንበት ክፍል ነው። እናት አገር ያልኳት ሴት እኛን ነበር የምታየው። አፈርኩ። መምህር ነኝና የሆነ ነገር ልበል ብዬ ቃል ፈለግሁ፣ እንደ ጌታሁን ኪሴን ሁሉ ፈተሽኩ። ምንም አልነበረም።

ከማዶ የሐጂ ሲራጅ ድምፅ ገደሉን ተሻግሮ መጣ። "መምህር፣ ና እንጂ አቦ፣ ጫቱ ጠወለገ" ይላሉ።

እኔ ከበሩና ከወንበሩ መሐል ቆሜያለሁ። ሙሉ ዓይኗን ከሹራቡ አላነሳችም። በድምፅዋም ቁጣ አልነበረም።

"ሂድ እንጂ" አለችኝ። "ሰው ማስጠበቅ ጥሩ አይደለም።"